ክፍል ሁለቱን በዚያው ሌሊት አታሳዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ11 ዓመቱ ልጅሽ የማርቭልን የጀግኖች ፊልም «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር»ን አይቶ ሲጨርስ ማልቀሱን፣ እራቱን ሳይበላ መተኛቱን ነግረሽናል። «የጠፉት ይመለሳሉ ብዬ ላጽናናው ወይስ ቶሎ ብዬ ቀጣዩን ላሳየው? ልጅ በሚያየው ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ጨለማ መጨረሻ ምን አመጣው?» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው «ቀጣዩን፣ ኤንድጌምን፣ ዛሬውኑ ክፈቺለት፣ ይረጋጋል» እያለ እንደሚመክርሽ አውቃለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱን ፊልሞች ያላየ ካለ ግን ከዚህ በታች ባያነብ ይሻለዋል፤ መጨረሻቸውን እናገራለሁና።

ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ለአምስት ዓመት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዘጠኝ አግዳሚና አንድ ትልቅ ፍላት ቲቪ። ቅዳሜና እሑድ ኳስ፣ በሌላው ቀን ፊልም እናሳይ ነበር። «ኢንፊኒቲ ዋር» አሜሪካ ውስጥ የተከፈተው ሚያዝያ 19 ቀን 2010 ነው። እኛ ጋ የደረሰው ግን ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤቱ በልጆች በተሞላበት ሰሞን ነው።

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ አክተር፣ ማለትም የፊልሙ ዋና ሰው፣ አይሞትም። የአክተሩ ጓደኛ ሊሞት ይችላል፣ ወንበዴው የግድ ይሞታል፣ አክተሩ ግን ቢቆስልም ይነሳል። ልጆቹ ይህን ሕግ ይዘው ነው የገቡት።

የዚያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ወንበዴው ታኖስ ልዩ ኃይል ያላቸውን ስድስቱን ድንጋዮች ሰብስቦ፣ የፍጥረትን ግማሽ ለማጥፋት ጣቱን ካጮኸ በኋላ ፊልሙም ጸጥ ይላል። ባኪ ወደ ጓደኛው ወደ ስቲቭ (ካፒቴን አሜሪካ) ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይራመድ አመድ ሆነ። ብላክ ፓንተር ለጄኔራሉ ለኦኮዬ እጁን ዘርግቶ «ተነሺ፣ እዚህ አይሞትም» ሲላት እጁ ከእጇ ላይ በነነ። እዚያ ላይ አንድ ልጅ «እንዴ!» አለ፤ ከዚያ ውጪ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር። ስፓይደርማን ቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) ላይ ተጠምጥሞ መሄድ እንደማይፈልግ ሲናገር የፊት አግዳሚ ላይ ያሉት ትንንሾቹ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ሰብስበው ተቃቅፈው ነበር። በመጨረሻ ታኖስ ብቻውን ተቀምጦ ፀሐይዋን እያየ ፈገግ አለና ስክሪኑ ጠቆረ።

ማንም አልተነሳም። ሰፈራችን ውስጥ ሊስትሮ የሚሠራ የ13 ዓመት ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ክፍል ሁለቱስ?» አለኝ። ገና አልወጣም፣ የዛሬ ዓመት አካባቢ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «አስከሬን የለም፤ ታዲያ ለቅሶ እንዴት ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ ሰው ሲሞትብን ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበር ያመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሦስት ቀን አብሮ ያመሻል። ፊልሙ የሚያልቀው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ሞት አሳይቶ ለቅሶውን ሳያሳይ ይዘጋል። ልጅሽ ምግብ ያስጠላው ለዚህ ይመስለኛል፤ ኀዘኑን የሚያወጣበት ቦታ አላገኘም።

የ«ኤንድጌም» የመጀመሪያው ሰዓት ደግሞ ያ የቀረው ለቅሶ ነው። አምስት ዓመት አልፏል። ስቲቭ ሮጀርስ ሰው የጠፋባቸውን ክብ አስቀምጦ ያወያያል። ስኮት ላንግ (አንት ማን) የጠፉት ሰዎች ስም በተቀረጸባቸው ድንጋዮች መካከል እየተሯሯጠ የሴት ልጁን ስም ሲፈልግ የራሱን ያገኛል። ይህ ትዕይንት የሚሰማው መጀመሪያ ለናፈቀ ሰው ነው። በኮሮናው ጊዜ የእህቴ ልጅ ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ሌሊት አከታትሎ አያቸው፤ 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፣ ከዚያ 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። እኔም አብሬው ነበርኩ። የቶኒ ቀብር ላይ ስልኩን ይነካካ ነበር። ልጁ ሆደ ባሻ ነው፣ በቀላሉ የሚያለቅስ። ግን ሁሉንም ያጣቸው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የሚመለሱትንም የሚሄዱትንም እንደ መንገደኛ አያቸው።

የቪዲዮ ቤቴ ልጆች ግን ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ ተከራከሩ። ኳስ ሊያዩ መጥተው እንኳ በዕረፍት ሰዓት ወሬው እሱ ነበር። አንዱ ወገን «ሁሉም ይመለሳሉ፤ የስፓይደርማን ቀጣይ ፊልም እኮ ተቆርጦለታል፣ ብላክ ፓንተር ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ማን ይገድለዋል?» ይላል። ትክክል ናቸው፤ ግን ይህ የገበያ ሒሳብ ነው፣ ለሚያለቅስ ልጅ አይሆንም።

ሌላው ወገን ፊልሙን ራሱን ይመረምር ነበር፤ እኔም የወደድኩት የእነሱን ነው። ኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር፣ ዝምተኛ። አንድ ማታ እንዲህ አለ፦ «አስማተኛው ዶክተር ስትሬንጅ 14,000,605 የወደፊት ዕጣዎችን አየ፣ ያሸነፉት በአንዱ ብቻ ነው። ቀድሞ ደግሞ እሱ የሚጠብቀውን ድንጋይ ለማትረፍ ከሆነ ቶኒና ስፓይደርማን ቢሞቱም ግድ እንደማይሰጠው ነግሯቸዋል። ታዲያ ኋላ ላይ ቶኒን ለማዳን ብሎ ድንጋዩን ለታኖስ ለምን ሰጠ?» ማንም መልስ አልነበረውም። «ቶኒ ለዚያች አንዷ ስለሚያስፈልግ ነዋ» አለ። ቀጠለና የቀሩትን በጣቱ ቆጠረ። በ2004 በወጣው በመጀመሪያው የአቬንጀርስ ፊልም ላይ የነበሩት ስድስት ናቸው፤ አይረን ማን፣ ካፒቴን አሜሪካ፣ ቶር፣ ሃልክና ብላክ ዊዶው በሕይወት አሉ፣ ስድስተኛው ሃውክአይ እዚህ ፊልም ላይ ጭራሽ አልታየም። «እኔ የምፈራው ለጠፉት አይደለም፣ ለቀሩት ነው» አለ። ስምንት ወር ቀድሞ ነው ይህን ያለው። እንደፈራውም ቶኒና ብላክ ዊዶው ሞቱ፣ ስቲቭም አርጅቶ ጋሻውን ለጓደኛው ለሳም አስረከበ።

ለዚህ ነው «ይመለሳሉ» ብለሽ ቃል አትግቢለት የምልሽ። ግማሽ እውነት ነው። አምኖሽ ይገባና የቶኒ ሞት ላይ ሲደርስ ያታለልሽው ይመስለዋል። «ዶክተር ስትሬንጅ አንድ መንገድ አይቷል» በዪው፤ ይህ ከራሱ ከፊልሙ የመጣ ስለሆነ አያታልለውም። ከዚያ ወረቀት ስጪውና የሞቱትንና አመድ የሆኑትን ለይቶ ይጻፍ። ልጆቹ ይህን ያደርጉት ነበር፤ ሎኪ ታንቆ፣ ሃይምዳል በጦር ተወግቶ፣ ጋሞራ ከገደል ተወርውራ፣ ቪዥን ድንጋዩ ከግንባሩ ተነቅሎ ነው የሞቱት፣ በጣት ማጮህ አይደለም። ዝርዝሩን ሲሠራ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል፤ ተስፋውንም ራሱ ያገኘዋል።

መጨረሻው ለምን ጨለመ ላልሽው፣ ያ ሊስትሮ ልጅ ከእኔ የተሻለ መልስ ሰጥቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየው «ጋሼ፣ እዚህ ፊልም ላይ አክተሩ ታኖስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ነገር ፈልጎ ከቦታ ቦታ የሚዞረው፣ ስለ እሱም ብሎ የሚወዳት ልጁን ጋሞራን የሚሠዋው፣ በመጨረሻ የፈለገውን የሚያገኘው እሱ ነው። ሌሎቹ ፊልሞች ሲያልቁ እገሌ ይመለሳል ብለው የጀግናውን ስም ይጽፋሉ፤ እዚህ የተጻፈው «ታኖስ ይመለሳል» የሚል ነው። ሠሪዎቹ ሕጉን አልጣሱም፣ አክተሩን ነው የቀየሩት። ለልጅሽ ይህን ብትነግሪው ይገባዋል።

በመሃል ሁለት ሳምንት ስጪው። «አንት ማን ኤንድ ዘ ዋስፕ» እና «ካፒቴን ማርቭል» በዚህ ክፍተት መሃል የወጡ ናቸው፤ ሁለቱንም መጨረሻ ላይ የሚወጣው የሠራተኞቹ ስም ጽሑፍ እስኪያልቅ ድረስ እዩ፣ ለቀጣዩ የሚሆን ፍንጭ እዚያ አለ።

እኛ የጠበቅነው ከዚያም በላይ ነው። «ኤንድጌም» አሜሪካ የተከፈተበት ሚያዝያ 18 ቀን 2011 ለእኛ ስቅለት ነበር። በሰሙነ ሕማማት ቪዲዮ ቤቱን አልከፍትም፤ ልጆቹም መጨረሻውን እንዳይሰሙ ፌስቡክ ላለመክፈት ተማማሉ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሦስቱን ይዤ በቃሊቲና በሳሪስ ታክሲ እየቀያየርን ቦሌ ሲኒማ ቤት ገባን። ስቲቭ ብቻውን ቆሞ ከጎኑ ክቡ ብርሃን ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ብላክ ፓንተር ነው። ሊስትሮው ልጅ እጅጌዬን ጨምድዶ ያዘና «መጣ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም፣ እንባው ግን ይወርድ ነበር። ስምንት ወር ጠብቆታል።

ብላክ ፓንተር ሆኖ የተወነው ቻድዊክ ቦዝማን ነሐሴ 22 ቀን 2012 በካንሰር አረፈ፤ ገና 43 ዓመቱ ነበር። ቪዲዮ ቤቱን ያኔ ዘግቼ ነበር። ያ ልጅ ዜናውን እንደሰማ ሰንበት ላይ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ቡና ተፈልቶ ከእናቴ ጋር እስኪመሽ ተቀመጥን፣ ስለ እሱም አወራን። ልጅሽ ይህን የማያውቅ ከሆነ «ኤንድጌም»ን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ንገሪው፣ ከዚያ በፊት አይሁን።

የምታሳዪው ቀን ቅዳሜ ይሁንና ከሰዓት በኋላ በጊዜ ጀምሩት፤ ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቶኒ ጣቱን ሲያጮኽ ከልጅሽ አጠገብ ሁኚ።