ደመናው ሲመጣ ለምን ትሄዳለህ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። አምና በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ዴከርስ፣ ሳውዝ ፕላት ወንዝ እወርዳለሁ። በኤፕሪል ጠዋቱ ፀሐይ ነው፤ ቀትር ላይ ሰማዩ ይጠቁርና በረዶ ይጥላል፤ እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ መኪናዬ እሮጣለሁ። እስካሁን የያዝኩት ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሁለት ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?
ዘ.፣ ከአውሮራ

መልስ፦ ልጄ፣ አንተ መኪናህ ውስጥ እጅህን ስታሞቅ ዓሣው ምሳው ይቀርብለታል።

በዚያ ወንዝ በኤፕሪል የምትፈለፈለው ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የምትባል ትንሽ፣ ግራጫ ክንፍ ያላት ነፍሳት ናት። ውኃ ውስጥ ድንጋይ ሥር ታድግና ክንፍ ልታወጣ ወደ ላይ ትወጣለች። ፀሐይ ካለ ክንፏ ቶሎ ይደርቃል፣ ትበራለች። ደመናና እርጥበት ሲሆን ግን እስኪደርቅላት ውኃው ላይ ተቀምጣ ትንሳፈፋለች። ትራውቱ የሚጠብቀው ይህን ነው። በረዶው ዓሣውን ያበርደዋል ብለህም አትስጋ፤ ከዴከርስ በላይ ያለው፣ በ1905 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የቺዝማን ግድብ ውኃውን ከጥልቁ ስለሚለቅ የወንዙ ቅዝቃዜ እንደ አየሩ ቶሎ አይለዋወጥም። ስለዚህ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት፣ ደመና ካለ፣ ካለህበት ንቅንቅ አትበል። ነጎድጓድ ከሰማህ ግን ወዲያው ውጣ፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ዓሣው ሲነሣ አረፋውን ተመልከት። ውኃው ላይ አረፋ ከቀረ ከላይ እየበላ ነው፤ ቁጥር 20 ደረቅ ዝንብ፣ ማለትም ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ሰው ሠራሽ ዝንብ፣ እሰር። (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ሱቅ ስትገባ አትሳሳት።) ጀርባው ብቻ ታይቶ አረፋ ከሌለ የሚበላው ከውኃው ገጽ በታች፣ ገና ክንፍ ያላወጣችውን ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ደረቅ ዝንብ ስወረውር ዋልኩ፤ ዓሣው እግሬ ሥር እየተገለባበጠ አንድም አልነካኝም። እንደዚያ ሲሆን እጯን የሚመስለውን እሰርና አንድ ስንዝር ያህል አስምጠው።

አንድ ነገር አደራ። ሬንቦው ትራውት እንቁላል የሚጥለው በጸደይ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ከዙሪያው ተለይቶ የጠራና የነጣ ጠጠር ካየህ እንቁላሉ ከሥሩ ተቀብሯል። ዳርዳሩን ዞረህ እለፍ፤ በላዩ ያለውንም ዓሣ ተወው።