ንብ ኮርኒሳችን ውስጥ ገባ፤ ብናስወጣው ኃጢአት ይሆንብናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከመስቀል ወዲህ ኮርኒሳችን ውስጥ ንብ ሰፍሯል። ትንሿ ልጄን ሁለት ጊዜ ነደፋት። ባለቤቴ ፍሊት ልርጭበት ይላል። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ንብ የገባበት ቤት ሲሳይ ገባበት፤ ካባረራችሁት ገዳችሁም አብሮ ይሄዳል» አሉን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ይጠብቅልሽ። ንቡን ከቤት ማስወጣት ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው አወጣጡ ላይ ነው።

አስቀድሜ የእማማን ልመልስ። ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንብ እንደ ከበበው እንሰማለን። ያ ግን ለእርሱ የተሰጠ ምልክት ነው። ኮርኒስ ውስጥ በገባ መንጋ ሁሉ ዕድል አይነበብም። ሲሳይ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ንብ ስለ ሄደ አይነሣሽም። እማማን ግን አትቆጫቸው። ንብ መግደል የሚከብዳቸው ለፍጥረት ስለሚራሩ ነው፤ በዚህ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ፍሊቱን አልደግፈውም። ኦሪት ዘዳግም 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል። ለአንዲት ወፍ እንዲህ ከተባለ፣ በሰሙ ጧፍ የምናበራበትን ንብ ማውጣት እየተቻለ ከነእጩ መፍጀት ምን ይባላል? ጭካኔ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ንብ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ማር ይዘው ገበያ የሚመጡትን ገበሬዎች ጠይቁ፤ የግብርና ባለሙያም ያገናኛችኋል። መንጋው ከጎረቤት ቀፎ የወጣ ከሆነ ባለቤቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የሰው ገንዘብ ነው። የሚያውቀው ሰው የሚመጣው ሲመሽ፣ ንቡ ከመስክ ከገባ በኋላ ነው። በኩበት ጭስ ያበርደዋል። ኮርኒሱን ገለጥ አድርጎ የማሩን እንጀራ ይቆርጣል፤ አውራዋን ፈልጎ ቀፎ ውስጥ ያስገባታል። እሷ ከገባች ሌላው ይከተላታል። ሰሙ ተፍቆ ይውጣ፤ ቀዳዳውም ይደፈን። ሽታው ከቀረ ሌላ መንጋ ይስባል። ባለቤትሽ በራሱ እሳት ይዞ ኮርኒስ እንዳይወጣ፣ አደራ። ልጅሽ የዚያን ሌሊት ዘመድ ቤት ትደር።

ስትነደፍ ፊቷ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰጃት። የሚያወጣ ሰው ታጥቶ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ንቡ ቢገደል በደል አይሆንባችሁም። ልጅሽ ትቀድማለች።

ባለቤትሽ ይህን ሳያነብ ረጭቶ ከሆነም በድንጋጤ ነውና አትውቀሺው። ማሩን ግን አትቅመሱ፤ ለማንም አትስጡ። ሰሙንም ለጧፍ ብላችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን አታምጡ። ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ደጅ ከጣላችሁት የሌላ ሰው ንብ መጥቶ ይቀስመዋል፤ መርዙንም ይዞ ቀፎው ይገባል።