ዌስት ባንክ ገንዘብ አለው እንዴ?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ዌስት ባንክ» በተባለ ቁጥር የስምንት ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ለአንድ ባንክ ነው እንዲህ የሚጣሉት?» ትለኛለች። ምን ልበላት? «ምዕራብ ባንክ» ብሎ መጻፍስ ልክ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተችም፤ ጥፋቱ የኛ የጸሐፊዎቹ ነው። እዚህ ጋ ባንክ ማለት የወንዝ ዳር ነው፣ ወንዙም ዮርዳኖስ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ፣ ዮርዳኖስ የምትባለው አገር ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለውን መሬት በያዘችበት ጊዜ ነው። ዐረቦቹ «ዲፋ» ይሉታል፣ ዕብራይስጡ ደግሞ «ጋዳ»፤ ሁለቱም ዳርቻ ማለት ነው። እኛ ብቻ ባንኩን እንዳለ ተሸክመን መጣን። «ምዕራብ ባንክ» ደግሞ የባሰበት ነው፣ ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን መተው። «ምዕራባዊ ዳርቻ» ይበሉ። ባሕር ዳር የሚባል ከተማ እያለን ቃል አጠረን አንልም መቼም።

ግን ገንዘቡና ወንዙ እንዴት ባንድ ስም ተጠሩ? ገጠር ቤት ግድግዳ ሥር ከጭቃ ተሠርቶ የሚቀመጡበትን መደብ ያስቡ። ከፍ ያለ አፈር ነው፣ መቀመጫም ነው። ገበያ ሲወጡ ደግሞ ነጋዴው ሸቀጡን የሚዘረጋበት ቦታም መደብ ይባላል። የባንክ ነገርም ልክ እንደዚሁ ነው። የጥንት ጀርመናውያን ቃል ነው፤ ባንድ በኩል ከፍ ያለ አፈር ሆኖ ወንዝ ዳር ቀረ፣ በሌላ በኩል አግዳሚ ወንበር ሆኖ ጣሊያን ገባ። እዚያ ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን የሚደረድሩበት ጠረጴዛ «ባንኮ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ተረሳና ስሙ ለንግዱ ቀረ። እንግሊዝኛው «ከሰረ» ለማለት የሚጠቀምበት ባንክራፕት የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛው «የተሰበረ ባንኮ» የመጣ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ይሄ ቤተሰብ በተለያየ በር እኛ ቤት መግባቱ ነው። ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት አቢሲኒያ ባንክ አንዱ ነው። ቡና ቤት ገብተው ማኪያቶ እስኪቀዳልዎ ክርንዎን የሚያስደግፉበት ባንኮኒም ከጣሊያንኛ የመጣ የዚሁ ዘር ነው፣ ትልቁ ባንኮ እንደማለት። ኳስ ወዳጆች «አሠልጣኙ ቤንች ላይ አስቀመጠው» የሚሉት ቤንችም የሥጋ ዘመድ ነው። ሦስቱም ሲጀመር መቀመጫና ጠረጴዛ ነበሩ።

የደም ባንክና የዓይን ባንክ ቢያንስ ከገንዘቡ ጋር ይገናኛሉ፤ ማስቀመጥና ማውጣት አለበት። አውሮፕላን ሲዞር ባንድ ጎኑ ማዘንበሉን እንግሊዞቹ ባንክ ማለታቸው ግን ከአፈሩ ተዳፋት የመጣ ነው።

ይሄን ሁሉ ለልጅዎ አይንገሯት። «የወንዝ ዳር ነው» ይበቃታል። ቀጥላ «ታዲያ ለወንዝ ዳር ለምን ይጣላሉ?» ካለችዎ፣ እሱ እንኳ የኔ ዓምድ አይደለም።