ከብስኩቱ ይልቅ ሻዩ አሳሰበኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 5ኛ ወሬን ይዣለሁ። እስከ 3 ወር ድረስ ማቅለሽለሹ አላስቀምጥ ብሎኝ የምበላው ብስኩት፣ የምጠጣው ለስላሳ ብቻ ነበር። አሁን ተሽሎኛል፤ ጣፋጩን መተው ግን አቃተኝ። የታዘዘልኝን የአይረን ክኒን ጠዋት ጠዋት በሻይ እውጣለሁ። በቅርቡ ደግሞ «በእርግዝናዋ በደንብ ያልበላች እናት ልጇን የአእምሮ ሕመም ይይዘዋል» የሚል ነገር አነበብኩ። ይኸው 2 ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ልጄን ጎድቼው ይሆን?

መልስ፦ እመቤቴ፣ መጀመሪያ ይረጋጉ። ብዙ እርጉዞች የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያልፏቸው ሆዳቸው የተቀበለላቸውን እየቀመሱ ነው። ጽንሱ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይጠይቅም።

ያነበቡት ነገር ግን ከሜዳ ተነስቶ የተጻፈ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ከ1944 ወደ 1945 እ.ኤ.አ. በተሻገረው የብርድ ወቅት፣ ምዕራብ ኔዘርላንድስ ጀርመኖች የምግብ መግቢያውን ዘግተውበት ክፉኛ ተራበ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወርዶ ነበር። ረሃቡ በጠናበት ሰሞን የተጸነሱ ልጆች አድገው ሲታዩ፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዛቸው ከሌሎቹ ወደ 2 እጥፍ ሆነው ተገኙ። 2 እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል። ይሁንና ይህ ሕመም ከ100 ሰው አንድ እንኳ ሞልቶ አይይዝም፤ እጥፍ ቢሆንም ከእነዚያ ልጆች እጅግ የሚበዙት ሳይነካቸው አድገዋል። እሱም ቢሆን የለየለት ረሃብ ነው፤ የእርስዎ ማቅለሽለሽ ነው።

ወደ እርስዎ የሚቀርበው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የኖርዌይ ጥናት ነው። ከ23,000 በላይ እናቶችን ከነልጆቻቸው ተከታትሏል። በእርግዝናቸው ጣፋጭ፣ ለስላሳና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ያዘወተሩ እናቶች ልጆች፣ እስከ 5 ዓመታቸው ድረስ ቁጡነትና አስቸጋሪ ጠባይ በዛ ብሎ ታይቶባቸዋል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ደግሞ «አብረው ታዩ» ይላል እንጂ «ይሄ ያንን አመጣ» ብሎ አይምልም። ጣፋጭ የምታዘወትር እናት የተጨነቀች፣ ጊዜ ያጠራት ወይም ኪሷ የሳሳ ልትሆን ትችላለች። ይህም ለብቻው ልጅ ላይ ይደርሳል። ተመራማሪዎች ሊለዩት ይሞክራሉ፤ ጥርት ብሎ ግን አይለይም።

አሁን ወደ ሻይዎ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ከብስኩቱ ይልቅ እሱ አሳስቦኛል። ሻይም ሆነ ቡና አይረኑን ይይዘውና አንጀትዎ በቅጡ ሳይወስደው ይቀራል። ክኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት፤ ሻዩን ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ያቆዩት። የልጅዎ አንጎል ሩጫውን የሚያፋጥነው ከአሁን ወዲያ ነው፤ ለዚያም አይረን ይፈልጋል። ተወልዶ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሆነውን አይረንም በብዛት የሚያከማቸው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው። ስለዚህ ገና አልመሸብዎትም።

ጨውዎ አዮዲን ያለው መሆኑንም ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። አንገት ላይ ያለው የእናት ታይሮይድ ዕጢ ያለ አዮዲን አይሠራም፤ የልጁ አንጎል ደግሞ ያለ ታይሮይድ ሆርሞን አያድግም። እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ አረንጓዴ ቅጠልና ወተት ጨመር ያድርጉ። ዓሣ ከወደዱ በሳምንት 2 ጊዜ ጥሩ ነው፤ እንደ ሻርክ ያሉትን ሜርኩሪ የሚበዛባቸውን ይተዉ። ብስኩቱን ዛሬውኑ ይጣሉ አልልዎትም። ለስላሳውን በውሃ ቢተኩ እንኳ ጥሩ ጅምር ነው። ያለፈውን ልካስ ብለው ግን ቪታሚን አይደራርቡ፤ ቪታሚን ኤ ሲበዛ ጽንስ ይጎዳል። አልኮል ትንሹም ይቅር።

እንቅልፍዎን ረስቼው አይደለም። የእናት ጭንቀትና ድብርት ሳይታከም ከቆየ ለእርሷም ለልጁም ጥሩ አይደለም፤ እኔን ከጠየቁኝ ከጥቂት ብስኩት የከበደ ጉዳይ ነው። ለክትትል ሲሄዱ የደም ማነስ እንዳለና እንደሌለ የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንዎን ያስለኩ፤ «2 ሳምንት አልተኛሁም» ብለውም በግልጽ ይንገሯቸው። ማስታወኩ ተመልሶ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ ደግሞ ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ይሂዱ።