የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድምፃቸው የሰለለ፣ እርምጃቸው ያጠረ አባት

ጥያቄ፦ አባቴ የ68 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመምህርነት አገልግለዋል። የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ 3 ዓመት ሆኗል። የታዘዘላቸውን ሌቮዶፓ በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥም ቀንሷል። አሁን ያስጨነቀን ሌላ ነው። ድሮ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ እንኳ ይሰማው የነበረው ድምፃቸው ሰልሎ፣ ዛሬ አጠገባቸው ካልተቀመጡ አይሰማም። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲሄዱም የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና ይረዳቸዋል ወይስ እርጅና ነው ብለን እንተወው?
ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት። የገለጹልን ሁለቱም ችግሮች የሕመሙ የታወቁ ምልክቶች ናቸው፤ ሁለቱም በሥልጠና ሊሻሻሉ ይችላሉ። መንቀጥቀጡ ለዓይን ጎልቶ ስለሚታይ መድኃኒቱ እሱን ሲያስታግስ ብዙ ቤተሰብ ሕክምናው የተሟላ ይመስለዋል። ሌቮዶፓ ግን ለድምፅ የሚሰጠው እፎይታ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው።

ፓርኪንሰን እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የሚያመነጩትን የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ያጠፋል። በዚህም ምክንያት ሳናስበው እናደርጋቸው የነበሩ ነገሮች፣ ማለትም የእርምጃ ስፋት፣ የእጅ መወዛወዝና የድምፅ ከፍታ፣ ልካቸው እያነሰ ይሄዳል። የአባትዎ እግር ጉልበት አላጣም፤ ድምፃቸውም አልጠፋም። አንጎላቸው የሚያዘው መጠን አንሷል እንጂ። የሥልጠናውም መሠረት ይህ ነው፦ በልማድ ይሠራ የነበረውን ነገር አሁን ሆን ብሎ፣ በትኩረትና አግንኖ መሥራት።

ድምፅን በሚመለከት አንድ ነገር ቤተሰቡ በሙሉ ሊያውቀው ይገባል። በሽተኛው ድምፁ መቀነሱን ራሱ አያስተውለውም። በልኩ የተናገረ ይመስለዋል፤ «ምን አሉ?» እየተባለ ሲጠየቅም የሰሚው ጆሮ የደከመ ይመስለዋል። ከማክማቸው ሰዎች አንዱን ድምፃቸውን በስልክ ቀርጬ ባሰማቸው፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ይኼ እኔ ነኝ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምዱን ችላ ብለውት አያውቁም። እርስዎም አባትዎን በዚህ መንገድ ቢያስረዷቸው መልካም ነው፤ ብቻቸውን ሳሉ፣ በአክብሮት ይሁን እንጂ በሰው ፊት አይሁን።

ለዚህ ችግር በሚገባ የተጠናው ሥልጠና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው «ኤልኤስቪቲ ላውድ» የተባለው ሲሆን፣ በሳምንት 4 ቀን ለ4 ሳምንታት፣ በድምሩ 16 ጊዜ፣ እያንዳንዱም ለ1 ሰዓት ይሰጣል። ሠልጣኙ ትንፋሹን ሞልቶ «አ» የሚለውን ድምፅ በጠንካራና በተስተካከለ ድምፅ እስከቻለ ድረስ ያስረዝማል፤ በየቀኑ የሚናገራቸውን ዓረፍተ ነገሮችም በዚያው ኃይል ይደጋግማል። በብሪታንያ 388 ሕሙማንን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ይህ የተጠናከረ ሥልጠና ከተለመደው የንግግር ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂቶች በመሆናቸው አባትዎን የሚከታተሉት የነርቭ ሐኪም ወደ ባለሙያ እንዲልኩልዎ አጥብቀው ይጠይቁ። እስከዚያው ግን አባትዎ መምህር ነበሩና በየጠዋቱ ጥቂት ገጽ ለልጅ ልጆቻቸው እንደሚያስተምሩ ሆነው፣ ክፍሉ መጨረሻ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ያንብቡላችሁ። ጉሮሯቸውን ካመማቸው ወይም ድምፃቸው ከጎረነነ ግን ያቁሙ።

ደፉ ላይ መቆማቸው ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ስለሚጥል ነው። በዚያች ቅጽበት ክንዳቸውን ይዞ መጎተት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ላይኛው አካል ወደፊት ሲሄድ እግር ባለበት ይቀራልና። ይልቁንም እንዲቆሙ፣ ቀና እንዲሉ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብለው እንዲያዛውሩ፣ ከዚያም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው በሰፊው እንዲራመዱ ይርዷቸው። ከደፉ ወዲህና ወዲያ በአንድ እርምጃ ልዩነት ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጥፉ። ዓይን መስመሩን ሲያይ እግር የሚሻገረው ነገር ያገኛል፤ ሳይወላውል ይነሣል። በጭብጨባ ምት መራመድም ብዙዎችን ይረዳል። ሲዞሩ ባሉበት ከመሽከርከር ይልቅ ሰፋ አድርገው ይዙሩ።

ቤታችን ውስጥ የምንወዳቸው ነገሮችም አደጋ አላቸው። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ ያንሸራትታል፤ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣትም ለእሳቸው ከባድ ነው። መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ያዘጋጁላቸው። ሲነሡ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ቀረብ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረታቸውን ወደፊት ደፋ አድርገው ይነሡ። ልምምዱ መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። በጾም ወቅትም የመድኃኒቱ ሰዓት እንዳይዛባ አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ፓርኪንሰን ያለባቸው እናቴ ውኃ ሲጠጡ ያስላቸዋል፤ ምግብ ግን ብዙም አያስቸግራቸውም። ይህ ከሕመሙ ጋር ይያያዛል?
ተ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሊያያዝ ይችላል። ቀጭን ፈሳሽ ከምግብ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ መዋጥ የዘገየበት ሰው ላይ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል፤ መዋጥን የሚመረምረውም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው። ምርመራው እስኪደረግ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው አይጠጡ፤ የያዙትን ሳይውጡም አይናገሩ። ትልቅ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም እናትዎን ግን ትንሽ ትንሽ ያጉርሷቸው፤ አንዱ ሳይዋጥ ሌላው አይጨመር። ፈሳሹን በራስዎ ውሳኔ አያወፍሩት። ሳሉ ላይ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።