ዘጠኝ ወር የሚከፈል፣ ዐሥራ ሁለት ወር የሚበላ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በመጪው ኦገስት ካንሳስ ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት እጀምራለሁ፤ ቪዛውንም አግኝቻለሁ። የትምህርት ክፍያው ቀርቶልኛል። በረዳት መምህርነት እየሠራሁ ለዘጠኝ ወር በየወሩ 2,100 ዶላር ይከፈለኛል። አጎቴ ለመነሻ 1,500 ዶላር ሰጥቶኛል፤ ይበቃኛል? ብቻዬን የምኖርበት አንድ ክፍል ቤት በ850 ዶላር አይቻለሁ፤ ከሌላ ተማሪ ጋር ከተጋራሁ ግን 550 ነው። የቱን ልያዝ? ለእናቴ በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ወንድሜም የባጃጅ መግዣ ከእኔ ይጠብቃል። ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ የ500 ዶላር እቁብ ግቢ ትለኛለች። በመጨረሻም እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካልያዝሽ አትሄጂም ብላለች። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እኅቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን እርሳስ ይዤ። ያሰመርኩበት ግን 2,100 የሚለውን ቁጥር ሳይሆን «ለዘጠኝ ወር» የሚለውን ነው። አንቺ በአንድ ትንፋሽ አልፈሽዋል። እኔም እንደ ፈረንጆቹ በ2014 እዚያው ካንሳስ ስገባ እንዲሁ አልፌው ነበር፤ ያስታወስኩት ሜይ ወር አልቆ ባንክ ውስጥ 212 ዶላር ብቻ ሲቀረኝ ነው። ዘጠኝ ወር ይከፈልሻል፤ የምትበዪው ግን ዐሥራ ሁለት ወር ነው። በጁን፣ ጁላይና ኦገስት የሚያስተምር ወይም ምርምር የሚያግዝ ሰው የሚፈልጉ የትምህርት ክፍሎች አሉ፤ ዕድል ሊቀናሽ ይችላል። ነገር ግን በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ ያልተጻፈ ገንዘብ የለም ብለሽ ቁጠሪ።

2,100 ዶላሩም ሙሉ በሙሉ እጅሽ አይገባም። አሜሪካ ከአንዳንድ አገሮች ጋር የግብር ስምምነት አላት፤ የቻይና ተማሪ በዚያ ስምምነት መሠረት በዓመት ከሚያገኘው ደመወዝ 5,000 ዶላሩ ከግብር ነጻ ነው። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት ስለሌላት አንቺ ለፌደራሉ መንግሥት ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ትከፍያለሽ። በሌላ በኩል ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር ለሚባሉት የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮዎች የሚቆረጠው 7.65 በመቶ፣ በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አይመለከትም። በደመወዝ ወረቀትሽ ላይ እነዚህን ስሞች ካየሽ በዚያው ሳምንት ደመወዝ ክፍል ሄደሽ አስተካክሉልኝ በይ።

እንግዲህ ከግብር በኋላ 1,800 ዶላር ገደማ ይደርስሻል እንበል። በዘጠኝ ሲባዛ 16,200 ነው። ለዐሥራ ሁለት ስታካፍዪው 1,350 ይወጣል። ደመወዝሽ ይህ ነው። ባንክ 1,800 ያሳይሽ ይሆናል፤ አትመኚው። በየወሩ 450 ዶላር ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ አሻግሪ፤ በዘጠኝ ወር 4,050 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሦስት ጊዜ 1,350 ነው። ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ተሸፈኑ ማለት ነው።

የሜሪላንዷ ጓደኛሽ እቁብ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እቁብ አለሽ፤ ዳኛዋም ጸሐፊዋም አንቺው ነሽ፤ ዕጣው የሚወጣው በጁን መጀመሪያ ነው። እቁብን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በእቁብ ነው። ግን የዘጠኝ ወር ደመወዝተኛ የዐሥራ ሁለት ወር እቁብ ውስጥ ስትገባ በጁላይ የምታዋርደው ዋስ የሆነቻትን ጓደኛዋን ነው። በሁለተኛው ዓመት እንነጋገርበታለን።

አሁን ወደ 1,500ው እንምጣ። አይበቃሽም። እንዴት እንደማይበቃ ላሳይሽ። በኦገስት አጋማሽ ገባሽ እንበል። የተጋራ ቤት ብትይዢ እንኳ አከራዩ ማስያዣ 550 ይጠይቅሻል፤ የኦገስት ግማሽ ኪራይ 275፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን ደግሞ ሌላ 550። ገና ማንኪያ ሳትገዢ 1,375 ዶላር ወጣ። ረዳት መምህራን የመጀመሪያ ሙሉ ክፍያቸውን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። በቀረሽ 125 ዶላር ስድስት ሳምንት ልትኖሪ ነው። በአሜሪካ የብድር ታሪክ፣ ማለትም ተበድሮ በጊዜው የመክፈል መዝገብ፣ ስለሌለሽ ከፍ ያለ ማስያዣ የሚጠይቅ አከራይም አይጠፋም።

የእኔን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ክፍያዬ በሴፕቴምበር መጨረሻ መግባት ነበረበት፤ አልገባም። የባንክ ቁጥሬን ቅጹ ላይ በእጄ ስሞላ 1ን እንደ ልማዴ አፍንጫ አውጥቼላት ነበር፤ መዝጋቢዋ 7 ነው ብላ አነበበችው። ገንዘቡ ወደ ማንም አልሄደም፤ ተመልሶ እስኪስተካከል ግን ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በእጄ የነበረው 23 ዶላር ነው። እንቁላል፣ ሩዝና ጥቅል ጎመን ገዛሁ፤ እናቴ ያስያዘችኝ ሽሮ ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። የልብስ ማጠቢያው ማሽን የሚሠራው ባለ 25 ሳንቲም እየጎረሰ ነበርና ያንን ትቼ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አሸሁ። ስለዚህ የባንክ ቁጥርሽን በኮምፒውተር ሙዪው፤ በእጅ ካልሆነ አይሆንም ካሉሽ 1ን ቀጥ ያለች እንጨት አድርጊያት።

ከአገር ሳትወጪ ለክፍሉ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ደብዳቤ ጻፊ። የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን ይገባል በይ። «የትምህርት ክፍያ ቀርቷል» ማለት የአገልግሎት ክፍያዎች ቀርተዋል ማለት አይደለምና በየሴሚስተሩ ከእኔ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው፣ በትንሽ በትንሹ መክፈል ይቻላል ወይ በይ። የጤና መድኑን ማን ይሸፍናል በይ፤ እነርሱ ካልሸፈኑት ብዙ ጊዜ በዓመት ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ እስካሁን የቆጠርነውንም ሁሉ ያፈርሰዋል። በመጨረሻም አዲስ ለሚመጡ ተማሪዎች የአጭር ጊዜ ብድር አለ ወይ በይ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ወለድ ወይም በጥቂት ክፍያ የሚሰጡት አላቸው፤ ላልጠየቀ ግን አይናገሩም። ይህን መጠየቅ እዚያ ነውር አይደለም። እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ነው ያን ሁሉ እንቁላል የበላሁት። የዩኒቨርሲቲውን የኢትዮጵያውያን ወይም የአፍሪካውያን ተማሪዎች ማኅበርም ፈልጊ፤ ለሁለት ሳምንት ሶፋ የሚሰጥሽ ሰው ከተገኘ የኦገስቱ 275 ይቀርልሻል፤ ቤቱንም በዓይንሽ አይተሽ ትይዣለሽ። አጎትሽ ሌላ አንድ ሺህ በብድር ቢጨምሩልሽ ደግሞ እምቢ አትበይ፤ የምትመልሺበትን ወር ግን ራስሽ ንገሪያቸው።

ቤቱን ተጋሪ። በዚህ አልከራከርም። የ300 ዶላር ልዩነት በዓመት 3,600 ነው፤ ያን ያህል የሚያወጣ ብቸኝነት የለም። ብቻ የኪራይ ውሉን አንብቢው፤ ሁለታችሁም በአንድ ውል ከፈረማችሁ እርሷ ጥላ ብትሄድ አከራዩ ሙሉውን ከአንቺ ሊጠይቅ ይችላል። በየስማችሁ ለየብቻ የሚያዋውል ካለ እርሱን ምረጪ።

1,350ው እንዲህ ይሄዳል፤ ቁጥሮቹ በእኔ ከተማ ልክ የተሰፉ ናቸውና በአንቺው አጥብቢያቸው ወይም አስፊያቸው። ኪራይ 550፤ መብራት፣ ማሞቂያና ኢንተርኔት ከተካፈላችሁ 90፤ ምግብ 250፤ ስልክ 25፤ የሴሚስተር አገልግሎት ክፍያ በወር ሲካፈል 100። ይህ 1,015 ነው። የቀረው 335 ለሐኪም፣ ለልብስ፣ ለሳሙና፣ ለድንገተኛ ነገር፣ ለቤተሰብም ነው። ለእናትሽ ቃል የገባሽው 300 ከዚህ ሲወጣ 35 ዶላር ይቀርሻል። ካንሳስ ውስጥ በበረዶው ወራት ጫማሽ ቢቀደድ በ35 ዶላር ምን እንደምትሆኚ አስቢ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ከመጀመሪያው ሙሉ ደመወዝ ለእናትሽ 100 ዶላር ላኪ፤ የመጀመሪያ ደመወዝ ምርቃት አለው፣ እርሱ አይቀርም። ከዚያ እስከ ጃንዋሪ ምንም። ከጃንዋሪ ጀምሮ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ 300 ላኪ፤ በወር 100 ማለት ነው፤ የመላኪያ ክፍያውም በየወሩ አይቆረጥብሽም። ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ደመወዝሽን ሳይሆን ከኪራይ በኋላ የሚተርፍሽን። እኔ እናቴን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት፤ ከላይ የሚገባው፣ ከታች የሚወጣው። መጨረሻ ላይ «ታዲያ አንቺ ምን ትለብሻለሽ?» አለችኝ። ለወንድምሽ ግን ፊት ለፊት፣ ቡናው ተፈልቶ ሁሉም በተቀመጠበት፣ ባጃጁን ከእኔ አትጠብቅ በይው። በስልክ፣ ከባሕር ማዶ፣ ሌሊት ላይ ለመናገር ይከብዳል፤ ሞክሬዋለሁ።

ዶላርን በብር ማባዛቱን ተይ። በሄድኩበት ዓመት አንድ ዶላር ሃያ ብር ገደማ ነበር። በኦክቶበር ወፍራም ካፖርት 60 ዶላር አየሁና በሃያ አባዛሁት፤ 1,200 ብር! እኔ ለካፖርት? ብዬ በስስ ጃኬት ዋልኩ። በዲሴምበር ደረቴን ታመምኩ፤ ለሐኪምና ለመድኃኒት 85 ዶላር ከፈልኩ፤ ካፖርቱንም በመጨረሻ ገዛሁት፤ በዚያን ጊዜ 90 ሆኖ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለሆነ የአንቺ ማባዣ ከእኔው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። አንድ ሙዝ እንኳ ያስደነግጥሻል። በሌላ በኩል ደመወዝሽን ስታባዢው ሚሊየነር የሆንሽ ይመስልሻል። ሁለቱም ውሸት ነው። የምታገኚው በዶላር፣ የምትበዪው በዶላር ነው፤ መለኪያሽም 1,350 ትሁን።

ገንዘብ ሲያጥርሽ «እዚህ ነዳጅ ማደያ በጥሬ ገንዘብ ሥራ አለ» የሚልሽ ደግ ሰው አይጠፋም። በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ወቅት የተፈቀደልሽ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ያውም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ የረዳት መምህርነቱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሃያውንም ይወስደዋል። በሰዓት ለሚገኝ ጥቂት ዶላር የቆምሽበትን መሬት አትሽጪ። ይልቅ ግቢው ውስጥ ለተማሪዎች ነጻ ምግብ የሚታደልበት ክፍል ካለ ግቢና ውሰጂ። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የደፈርኩት፤ ከፊቴ የተሰለፈው የሒሳብ ክፍሉ ጎበዝ ተማሪ ነበር።

የቤት ዕቃ በአዲስ አትግዢ። ጉድዊል የሚባሉት የአሮጌ ዕቃ መደብሮች ድስቱንም ሳህኑንም በጥቂት ዶላር ይሸጡልሻል፤ የኪራይ ውሎች በሚያልቁበት ሰሞንም ተማሪዎች ደህና ጠረጴዛ መንገድ ዳር ጥለው ይሄዳሉ። ጠረጴዛውን አንሺ፤ ፍራሹን ግን እንዳትነኪው። የትኋን ማስወገጃ ዋጋ ከአዲስ ፍራሽ ይበልጣል። ግብርሽን በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ታሳውቂያለሽ፤ ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን እገዛ ተጠቀሚ፣ ጎረቤትሽ ዜጋው የሚሞላውን ቅጽ አትሙዪ።

ሻንጣሽን በተመለከተ በኢትዮጵያ አየር መንገድ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱልሻል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ያዢ፤ ምግብ ይዘሻል ወይ ሲሉሽ አዎ በይ። ቋንጣውን ተይው፤ ሥጋ አያሳልፉም። የእኔን ቋንጣ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሉት ቆሜ አይቻለሁ።

ምጣዱንም ተዪው። እናትሽን እንዲህ በያቸው፤ የአገራችን ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፤ እዚያ ግድግዳው የሚሰጠው 120 ነውና የሙቀቱ ሲሶ እንኳ አይገኝም። ሊጡ ላዩ ላይ ተኝቶ ያይሻል እንጂ ዓይን አያወጣም። አሜሪካ ውስጥ የኖርዌይ ዘር ያላቸው ሰዎች ለፍሰ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ እዚያ ያለ ብዙ አበሻ እንጀራውን የሚያወጣው በእርሱ ነው። አዲሱ ከመቶ ዶላር በላይ ስለሆነ ለጊዜው በማይጣበቅ መጥበሻ ጋግሪ። እኔ የአንዲት አሮጊት ጓዝ ሲሸጥ በ25 ዶላር አገኘሁት፤ ክዳን አልነበረውም፣ እስከ ዛሬ የምከድነው በትልቅ ድስት ክዳን ነው።