ማግኔቱ የሚይዘውና የማይዘው

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሚኒባስ አሽከርካሪ ነኝ። ወደ ጢስ ዓባይና በዙሪያው ባሉ የገጠር መንገዶች እመላለሳለሁ። ጓደኛዬ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በዘይት ፊልትሮው ላይ ብለጥፍ የብረት ብናኙን ሁሉ ስለሚይዝ ዘይት ሳልቀይር ረጅም ጊዜ መቆየት እንደምችል ነገረኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዘይት መቀየሪያውን ጊዜ በፍጹም አያራዝሙ! ዘይት በብረት ብናኝ ብቻ አይደክምም። ሙቀት ያከስለዋል፣ ጥላሸትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይቀላቀልበታል፤ ይህን ማግኔት አይመልሰውም።

ፊልትሮው ላይ መለጠፉንም አልደግፈውም። ቆርቆሮው ራሱ ብረት ስለሆነ የማግኔቱን ጉልበት በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ ዘይቱም በዚያ በፍጥነት ያልፋል። የተሻለው ቦታ ዘይቱ ረጋ የሚልበት የሞተሩ ሥር ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ማግኔት ያለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ይግዙ፤ ሙቀት መቻሉንም ይጠይቁ። የሞተር ዘይት 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት (ትንሽ ሆኖ ጉልበተኛው ዓይነት) ግን ከ80 ዲግሪ በላይ መድከም ይጀምራል።

እኔ በጋራዥ ሥራዬ ይህን ቡሎን የምወደው የሞተሩን የውስጥ ገመና ስለሚያሳየኝ ነው። ሲፈቱት ጫፉን በሁለት ጣትዎ ያሹት። እንደ ኩል የላመ ግራጫ ዝቃጭ ከሆነ የተለመደ መፋቅ ነው፤ አይስጉ። የሚቆረቁር ስንጥር ወይም ቅርፊት ካገኙ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሞተሩን ያስመርምሩ። ከፈሰሰው ዘይት ጥቂት በነጭ ሳህን ቀድተው ፀሐይ ላይ ይዩት። ብልጭ የሚል ነገር ኖሮ ማግኔቱ ካልሳበው አሉሚኒየም ወይም መዳብ ሊሆን ይችላል፤ ፒስቶኑ ወይም ዋናውን ዘንግ አቅፎ የያዘው ልባስ እየተበላ ይሆናል። የተረፈውን በጀሪካን ይሰብስቡ። ጣና ዳር ዘይት ሲደፋ ማየት ያንገበግበኛል፤ የምንበላው ዓሣ ከዚያው ነው የሚወጣው።

በእርስዎ መንገድ ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን አቧራ ነው። ማግኔት አይስበውም፤ ፋሻውን፣ ማለትም የፒስቶኑን ቀለበቶች፣ እና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደልቡ ይፍቃል። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ ነቅለው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ማጣሪያው ተቀድዷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የአየር ማጣሪያውን ይግዙ፤ ቡሎኑ ለሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ይደርሳል።